የቢራቢሮዎች ተረከዝ

አላህ ለሰው ልጅ ተረከዝ የሰጠው እንዲቆምበት ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ ደሴ ተወልዶ፣ ካርቱም ሰው ቤት አሥራ አንድ ዓመት ቆሞ መዋል ይበቃል። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ የምቆመው በሁለቱ ተረከዞቼ ነው፤ አንድም ቀን አሳፍረውኝ አያውቁም። እና አንድ ሰው መጥቶ «ጨዋ ልጅ የምትቆመው በጣቷ ጫፍ ነው» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ይኸው ስንት ዓመት አልፎ እንኳ ላወራችሁ ስቀመጥ መፍላት ጀመረ። ታገሡኝ።

ነገሩ የሆነው ራክሻ የሚሏት ባለ ሦስት እግር ጉድ የካርቱምን መንገድ መውረር በጀመረችበት ሰሞን ነው። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ዶክተር ሃሺም የሚባል የከብት ሐኪም ቤት እሠራ ነበር። የከብት ሐኪም ስላችሁ ላም ብቻ አይምሰላችሁ፤ ይበልጥ የሚያክመው የውድድር ፈረሶችን ነው። ቤት ሲገባ ግን የሚያክመው ጋዜጣ ነው። ከጋዜጣው ጀርባ ወጥቶ ሲናገር የሰማሁት በዓመት ሁለቴ ቢሆን ነው፤ እሱንም ለዒድ።

ሚስቱ ሲት ሙና ትባላለች፤ ሲት ማለት እንደኛ ወይዘሮ ነው። ክፉ ሴት አይደለችም። ደስ ሲላት በስሜ ትጠራኛለች፣ ስትናደድ «ያ ሐበሺያ!» ትለኛለች፣ አንቺ ሐበሻ ማለቷ ነው። ያን ሰሞን ስሜን ልረሳው ምንም አልቀረኝም። እኔም ለእሷ አልተኛሁላትም። ዐረብኛ አንቱታ የለውም፤ ይሄ ነገሩ ደስ ይለኛል፤ ስትጣላ እኩል ያደርግሃል።

አንድ ልጅ አላቸው፤ ሪም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። በአርባ ቀኗ ተቀብዬ፣ ጎረቤት እስኪስቅብኝ በነጠላ አዝዬ ነው ያሳደግኳት። «ኻልቶ» ትለኛለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው። አማርኛም አስተምሬያታለሁ፤ አስተማርኳት ከተባለ። እናቷ እንድትሰማው የማትፈልገውን ነገር ሁሉ የምትነግረኝ በአማርኛ ነው። «ኻልቶ፣ ብርጭቆ ሞተ፤ እኔ አይደለም የገደለው» ካለችኝ መጥረጊያ ይዤ እሮጣለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «ኻልቶ! ባሌ ጀመረ!» አለችኝ። እጄ ላይ ያለው ድስት ሊወድቅ ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው እኮ! «የማን ባል? ምን ጀመረ?» ብዬ ልጮህ ስል እናቷ ከኋላ ገብታ አስረዳችኝ። ለካ ዐረቦቹ ባሌት የሚባለውን የፈረንጅ ጭፈራ «ባሌ» ነው የሚሉት። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ኋላ ሳስበው ግን ያመሰገንኩት ቸኩዬ ነው። ባልስ ቢሆን ሽማግሌ ይቀመጥለታል፤ ባሌት ምን ይደረግለታል?

አስተማሪዋ መዳም ላሪሳ ናት። ሩሲያ ለትምህርት የሄደ ሱዳናዊ አግብታ ካርቱም ከመጣች ሃያ ዓመቷ ነው፤ ዐረብኛዋ ከእኔ ይሻላል። ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነው፤ ዱላ የዋጠች ትመስላለች። ከቤታችን በእግር የሚያስኬድ አንድ ክለብ አዳራሽ ውስጥ ሃያ ልጆች ታስተምራለች። የእኔ ሥራ ሪምን ማድረስ፣ ጸጉሯን አናቷ ላይ እንደ ሽንኩርት መጠቅለል፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ መጠበቅና መመለስ ነው።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አለቀስኩ። ያቺ ብርጭቆ የምትገድል ልጅ ክንዷን ከፍ አድርጋ እንደ ላባ ስትዞር ማን አያለቅስም? ሳምንት ሦስት ቀን ነበር የሚለማመዱት፤ ልጅቷ ጠገበች፣ ወዛች፣ እንቅልፏ ጣፈጠ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ባወራኋችሁ።

የሐፍላ ወቅት መጣ፤ ሐፍላ የሚሉት ድግሱንም ትርኢቱንም ነው። ካርቱም ቀዝቀዝ የምትልባቸው ወራት አጭር ናቸውና ሠርጉም፣ ድግሱም፣ የፈረንጅ ግብዣውም የሚታጨቀው እዚያው ላይ ነው። መዳም ላሪሳ የቢራቢሮዎች ጭፈራ አዘጋጅታ ነበር፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ቦታ ሊታይ። ሪም የቢራቢሮዎቹ መሪ ሆነች። ልምምዱ ከሳምንት ሦስት ቀን በአንድ ጊዜ በየቀኑ ሆነ፤ ጁምዓ ደግሞ ጠዋትና ከሰዓት።

አሁን የምናደድበትን ልንገራችሁ። የአዳራሹ ወለል ሲሚንቶ ነው፤ እኔ ባልዲ ሳስቀምጥበት እንኳ ይጮሃል፤ ሕፃናቱ በቀን መቶ ጊዜ ይዘሉበታል። እናቶቹ ጸጉር ቤት ቆይተው ልጆቹን አርፍደው ያመጧቸዋል፤ ሰውነታቸው ሳይሙቅ፣ ከመኪና ወርደው በቀጥታ «ያላ፣ ዝለሉ!» ነው። ፈረስ እንኳ ሳያዘግም አይጋልብም። ከሁሉ የባሰው ውሃው ነው። የቢራቢሮው ልብስ ልጆቹ ላይ እንዳለ ከኋላ በክር ስለሚሰፋ፣ አንዴ ከለበሱት ሽንት ቤት መሄድ የለም፤ ስለዚህ እናቶቹ ተመካክረው ውሃ ከለከሉ! በዚያ በረሃ አገር! ለጨርቅ ብሎ ልጅ የሚያስጠማ ሰው አያችሁ? እኔ አየሁ፤ ሽቶ ተቀብቶ ተደርድሮ ተቀምጧል።

ሪም ሁልጊዜ ደረጃ የምትወርደው እየዘለለች ነበር። አንድ ጠዋት መደገፊያውን ይዛ፣ አንድ አንድ እያለች፣ እንደ አሮጊት ወረደች።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ማፊ ሐጃ» አለች፤ ምንም ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረች፦ «እግር የእኔ ጥሩ ነው። ኻልቶ፣ ለማማ እንዳትናገር።»

«ምንም ካልሆነ ምኑን ነው የማልናገረው?»

ከልምምድ ስትመለስ እግሯን በሳፋ አጠብኩላት። ጣቶቿ ውሃ ቋጥረዋል። ተረከዟን ነካ ሳደርግ ሳፋውን ገልብጣ እግሯን ነጠቀችኝ።

ለሲት ሙና ነገርኳት። «እያደገች ነው እኮ፤ የሚያድግ ልጅ ያመዋል» አለች፣ ከመስተዋቱ ሳትዞር። እኔም አድጌያለሁ። ደሴ ሙሉ አድጓል። ሲያነክስ ያየሁት የለም።

መዳም ላሪሳ ዘንድ ሄድኩ። አንገቷን ከፍ አድርጋ ሰማችኝና፣ «ሐፍላ ሲደርስ ሁሉም ልጅ አመመኝ ይላል። ከህመም ጋር መኖር የማይችል አይጨፍርም። ፈገግ ማለት ነው» አለችኝ። ሪም ደግሞ ከኋላዋ ቆማ በአማርኛ፣ «ኻልቶ፣ አፍ የአንቺ ዝጊ» ትለኛለች። መሪነቱ እንዳይወሰድባት ፈርታ ነው። እሷ በህመሟ ትዋሻለች፣ እናቷ ልብስ ትለካለች፣ አስተማሪዋ ፈገግ በሉ ትላለች፣ አባቷ ጋዜጣ ያነባል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ከእኔ ጋር መቅረት ደግሞ አደጋ እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

መድኃኒት አላጣሁም። እናቴ ለወገብም፣ ለጉልበትም፣ ለልብ ስብራትም የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ማሸት። በማግስቱ ከልምምዱ በፊት ሪምን ወጥ ቤት አስገብቼ የሰሊጥ ዘይት አሙቄ ሁለቱንም እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ አሸሁ። የተረፈውን አላስተርፍም ብዬ ጨርቅ ነክሬ ጠቀለልኩላት። ካልሲ ከላይ፣ ጫማ ከላይ። ልጅቷ ጥብስ ጥብስ ትሸታለች እንጂ ህመሙ ለጊዜው ረገብ አለላት። በኩራት ይዣት ሄድኩ።

ዘይት እንደሚወርድ የማያውቅ ማን አለ? ወጥ የምሠራው እኔ ነኝ፤ እኔ ካላወቅሁ ማን ይወቅ! ጨርቁን አልፎ፣ ካልሲውን አልፎ፣ የጫማውን ስስ ቆዳ አልፎ ወረደ።

ሙዚቃው ተነሣ። ሪም ሦስት እርምጃ ተንደርድራ ዘለለች። መዝለሉን በደንብ ዘለለች፤ ነገር የመጣው ማረፉ ላይ ነው። አረፈች፣ ግን አልቆመችም። በአንድ እግሯ፣ ክንዷን እንደዘረጋች፣ ፈገግታዋ ሳይጠፋ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ተንሸራተተች። መንገድ ላይ የልብ ጓደኛዋን ዳሊያን ጠረገቻት፤ ዳሊያ ሁለት ቢራቢሮዎች ጨመረች፤ አራቱም ተያይዘው መጋረጃው ሥር ተከመሩ። መዳም ላሪሳ ልታነሣቸው ሮጠች። የዘይቱን መንገድ አላየችም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያ ጀርባ ሲታጠፍ ያየ ሰው ካርቱም ውስጥ የለም። እኔ አየሁ።

ልጆቹ ምንም አልሆኑም። መዳም ላሪሳ ግን ሳምንቱን ሙሉ ቆማ አስተማረች፤ መቀመጥ ስለማትችል። ጫማውን አንሥታ አሸተተችና ወደ እኔ አየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ቦታ በር ላይ፣ ከዘበኛው ጋር ሆነ። እዚያ ተቀምጬ ራሴን ስሰድብ ዋልኩ። ልጅቷን ከጉዳት ላድን ብዬ አራት ሕፃንና አንዲት የሰው አገር ሰው ልጨርስ!

የመጀመሪያው ሐፍላ አለፈ፤ ሪም ጨፈረች፣ ተጨበጨበላት፣ ቤት ስትገባ በእንብርክኳ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። በእንብርክኳ! ያን ስታይ የማትናደድ ሴት ካለች ደሟን ታስመርምር። በማግስቱ ጁምዓ ነበር። በጠዋቱና በከሰዓቱ ልምምድ መካከል ሪምን ራክሻ ላይ ጫንኳትና ሐበሻ ወደሚበዛበት ሰፈር፣ ወደ ዴም በረርኩ።

ዴም ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓሮ ጋሽ መኩሪያ የሚባሉ ጎጃሜ ወጌሻ አሉ። የኛ ሰው ከፎቅ ቢወድቅም፣ አሠሪው በር እጁ ላይ ቢዘጋበትም የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። እጃቸው የበሬ ቀንበር ያህላል። ሪም ስታያቸው ከኋላዬ ተደበቀች።

«ነይ ልጄ፣ አልበላሽም» አሉ። ተረከዟን ያዙ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ዳር ዳሩን ዳሰሱ። «ስትዘዪ ነው ስትቆሚ ነው የሚያምሽ?»

ሪም አየችኝ። ከዚያ እሳቸውን አየች። ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም፤ ለካ እኔም ራሴ «ምን ሆነሻል» እንጂ «መቼ ነው» ብያት አላውቅም።

«መጀመሪያ ዝላይ ላይ ብቻ» አለች። «አሁን መቆም ላይም። ጠዋት ጠዋት እግር የእኔ ድንጋይ ነው።»

ጋሽ መኩሪያ እግሯን ቀስ ብለው አወረዱት። «አላሸውም» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?»

«የሚታሸውን አውቃለሁ፣ የማይታሸውንም አውቃለሁ። ወለምታ አይደለም። የልጅ አጥንት ገና ሊጥ ነው፣ እያደገ ነው። አንቺ ሊጥ ላይ ቀኑን ሙሉ ትዘያለሽ? በቅሎ እንኳ ዳገቱን ስትጨርስ ጭነቷ ይወርድላታል። ከዝላይ ትረፍ። ሐኪም ደግሞ ይያት።»

ተናደድኩ። እኔ የመጣሁት ጎተት አድርገው፣ አንድ ጊዜ ቀጭ አድርገው፣ ድና እንድንመለስ ነበር። ዕረፍት የሚባል መድኃኒት ለማዘዝማ ወጌሻ ምን ያደርጋል? ጉድ እኮ ነው፤ እውነቱን የነገረኝን የመጀመሪያ ሰው እዚያው ተጣልቼው ወጣሁ።

ስንመለስ ራክሻዋ መንገድ ላይ ሞተች። ሹፌሩ «ማዕሌሽ፣ ይቅርታ፣ አሁን ትነሣለች፣ ኢንሻአላህ» እያለ አንድ ሰዓት ያህል ደበደባት። የከሰዓቱ ልምምድ አለፈ። ቤት ስንደርስ ሲት ሙና በር ላይ ቆማለች።

«የት ነበራችሁ?»

«ዴም!» አለች ሪም። እውነት መናገር የጀመረችው ያን ዕለት ነው፤ ማቆም አቃታት። «አንድ ሽማግሌ እግሬን አየኝ።»

«ልጄን ለማን ነው ያሳየሽው?»

ወጌሻን በዐረብኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም። ነገር ላበርድ ብዬ፣ «አጥንት ሲሰበር … የሚጠግን ሰው ነው» አልኩ። ሲት ሙና የሰማችው «አጥንት ሲሰበር» የሚለውን ብቻ ነው። ጩኸቷ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

«ኸላስ፣ በቃ! ያ ሐበሺያ! ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ!»

ሻንጣዬን ያዝኩ። በዚያ ቤት ሻንጣዬን ስይዝ አራተኛዬ ነበር፤ የት ምን እንደሚገባ ልብሱ ራሱ ያውቃል። ግን በበሩ አልወጣሁም። ቀጥታ ሳሎን ገብቼ ጋዜጣው ፊት ቆምኩ።

«ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቄ ልሂድ። የሚያነክስ ፈረስ ታስሮጣለህ?»

ጋዜጣው ዝቅ አለ። ዓይኑ ቀይ ሆኗል። «የሚያነክስ ፈረስ የሚያስሮጥ ማን ነው? ስሙን ንገሪኝ! አላህን አይፈራም? እንስሳ አይናገር፣ ባለቤቱ ካላየለት ማን ያይለታል?»

«ባለቤቱ አንተ ነህ» አልኩት።

ሲት ሙና ሳሎኑ በር ድረስ ተከትላኝ መጥታለች። እኔ ራሴ ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ሪም» አለ። «ነይ ተራመጂ። ተመለሺ። እንደገና።» ተራመደች። ጠራትና ጀርባዋን አዙሮ አቆማት፤ እግሯን እንደ ፈረስ ኮቴ ወደ ኋላ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አስደገፈው። ተረከዟን ከግራና ከቀኝ በሁለት ጣቱ ጫን አለው። ልጅቷ ጮኸች።

ጋዜጣውን ለአራት አጠፈው። ያ ጋዜጣ ሲታጠፍ አይቼ አላውቅም። «ነገ ሐኪም ያያታል» አለ። «ሐፍላ የለም።»

«ልብሱ ተሰፍቷል!» አለች ሲት ሙና። «ሰው ጠርቻለሁ!»

«ልብሱን አንቺ ልበሺው» አለና ተነሣ።

ሻንጣዬን ማንም ስላልጠየቀኝ መልሼ አስገባሁት።

የአጥንት ሐኪሙ በራጅ አይቶ የነገረን ጋሽ መኩሪያ በአውራ ጣታቸው ያዩትን ነው። የሚያድግ ተረከዝ፣ ድንገት የበዛ ዝላይ፣ ዕረፍት የሌለው ሳምንት። ሦስት ሳምንት ከዝላይ ትረፍ፤ ስትመለስም ቀስ በቀስ፤ ሰውነቷ ይሙቅ፣ ውሃ ትጠጣ፣ ሲያማት ትናገር። ይኸው ነው። ይህን ለማለት ያን ሁሉ ጦርነት! ለጋሽ መኩሪያ በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ በአካል ለመሄድ ግን አፍሬ ቆየሁ።

አሁን ደስ ያላት መስሏችኋል? ከሐኪሙ ስንመለስ ሪም ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ሾርባ ይዤ ገባሁ።

«የኔ ዓለም፣ ሦስት ሳምንት እኮ …»

«መሪነቱን ለዳሊያ ሰጧት!» አለች። «በአንቺ ምክንያት! አንቺ እናቴ አይደለሽም!»

በዐረብኛ ነው ያለችኝ። ጥርት ባለ ዐረብኛ። በአማርኛ ብትለው ኖሮ ሰዋስዉ ተበላሽቶ ሌላ ነገር ሊሆንልኝ ይችል ነበር።

ከዚያ አሥራ አንድ ቀን አላናገረችኝም። ውሃ ስትፈልግ ለማቀዝቀዣው ትነግረዋለች። «ማቀዝቀዣ ሆይ፣ ጠምቶኛል በላት።» እኔም ተናድጄ ለማቀዝቀዣው እመልሳለሁ። «ብርጭቆው እጇ ሥር ነው በላት።» ሲት ሙና አንድ ቀን ቆማ ሁለታችንን አየችንና ራሷን ይዛ ወጣች። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ የሰው ልጅ እግር ታድናለህ፣ ትርፍህ ከማቀዝቀዣ ጋር መነጋገር ነው።

ሦስተኛው ሐፍላ ደረሰ። ትልቁ እሱ ነው። ሲት ሙና የጠራቻቸው እንግዶች ስላሉ መቅረት አልቻለችም፤ ሪምም ጓደኞቼን ልይ አለች። እኔን የወሰዱኝ ልጅቷ ደረጃው ላይ ብትደክም እንድሸከማት ነው። መኪና ውስጥ ሳለን ሲት ሙና ወደ ኋላ ዞረች።

«አዳራሹ ውስጥ አንድ ቃል ብትተነፍሺ፣ አንድ ቃል፣ በቀጥታ ወደ አገርሽ ነው። ማይልኝ።»

«ወላሂ አልተነፍስም» አልኩ። ማልኩ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔና ሪም ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ክንዷ ክንዴን እንዳይነካ ሰብስባዋለች። መጋረጃው ተከፈተ፣ ቢራቢሮዎቹ ወጡ፤ ከፊት ዳሊያ፣ የሪም ክንፍ በትንሹ ጠብቦ ተሰፍቶላት። ውብ ነበረች። አንድ ጊዜ ዘለለች፣ ሁለት ጊዜ ዘለለች፣ ሰው አጨበጨበ።

ሪም ክንዴን ጨበጠችኝ። በአሥራ አንድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጆሮዬ ሥር በአማርኛ፣ «ኻልቶ። ዳሊያ እግር ታመመች» አለች።

«ምን አልሽ?»

«እኔ አውቃለሁ። ዝላይ በፊት ከንፈር ውስጥ ትነክሳለች። እኔም እንዲህ ነበር። ሌላ እግር ላይ ታርፋለች። ኻልቶ፣ ተናገሪ!»

አየሁ። እውነቷን ነው። በቀኝ መሆን የነበረበትን ዳሊያ በግራ ታርፋለች፤ ከእያንዳንዱ ዝላይ በፊት ጉንጯ ወደ ውስጥ ይገባል። ገና ስምንት ዝላይ ይቀራል፤ ጭፈራውን በቃሌ አውቀዋለሁ።

እና እኔ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የጮኽኩት፣ ጋዜጣ ያስወረድኩት፣ ወጌሻ የተጣላሁት፣ ያን ሰዓት ምላሴ ታሰረ። መሐላው ታየኝ። ሻንጣው ታየኝ። ሲት ሙና ከፊታችን ያለው ረድፍ ላይ ናት፤ የጆሮ ጌጧ ሲወዛወዝ ታየኝ። «ቆይ፣ ትንሽ ቆይ» አልኳት ሪምን። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። ቆይ! ዳሊያ ሦስተኛውን ዘለለች። አራተኛውን ዘለለች።

ሪም ክንዴን ለቀቀችው። ወንበሯ ላይ ወጣች፣ በዚያ በሚያማት ተረከዝ ቆመች።

«አቁሙ!» ብላ በዐረብኛ ጮኸች። «ሙዚቃውን አቁሙ! ዳሊያ እግሯን አሟታል! ሁላችንንም ያመናል! ማልቀስ ስለማይፈቀድ ነው የምንስቀው!»

አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ዞረ። ሙዚቃው ተቋረጠ። ዳሊያ መድረኩ መሐል ክንዷን እንደዘረጋች ቀረች። ፈገግ ብላለች። ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ እንባዋ ወረደ፤ ከዚያ ባለችበት ቁጭ አለች። መዳም ላሪሳ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ ተንበረከከችና አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጅቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። መዳም ላሪሳ ክንፉን እንደለበሰች አቅፋ አወጣቻት። ያ ጀርባ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታጠፍ አየሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

የዳሊያ እናት ወደ እኛ መጣች። «ልጅሽ ቀንታ ነው!» አለች ሲት ሙናን፣ በሰው ፊት። «ቦታዋን ስለወሰደችባት!» ሲት ሙና ወለሉን አየች። ሪም ጭኔ ላይ ፊቷን ደፋች። እኔ አሁንም አልተነፈስኩም።

በማግስቱ ዳሊያን ራጅ አነሷት። ቅልጥሟ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ተገኘች። ጥቂት ብትዘል ኖሮ ሙሉ በሙሉ ይሰበር ነበር አለ ሐኪሙ። መዳም ላሪሳ አራተኛውን ሐፍላ ሰረዘችው፤ እናቶቹ ተንጫጩ፤ በአንድ ቃል ብቻ አሳረፈቻቸው፤ ምን እንዳለች በሩሲያኛ ስለሆነ አልተተረጎመም። ከዚያ ወዲህ ከልምምድ በፊት ልጆቹን አሰልፋ የት የት እንደሚያማቸው ትጠይቃለች አሉ። መጀመሪያ ሰሞን ጠያቂ ያገኙ ልጆች ጸጉራቸውን ሁሉ ያመማቸው ነበር። የውሃ ጆግም ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ዳሊያ ራጅ በተነሣችበት በዚያው ቀን ከሰዓት እናቷ ቤታችን መጣች። ሽቶ የለ፣ ኩል የለ፤ ዓይኗ አብጧል። ሲት ሙና ሳሎን አስገባቻት፤ እኔ ሻይ ይዤ ገባሁ። ሴትዮዋ ሪምን አቅፋ አለቀሰችና፣ «እንዲህ እንድትናገር ማን አስተማራት? አሥር ዓመት ሙሉ ያሳደግኳት ልጅ አንድ ቀን አመመኝ ብላኝ አታውቅም» አለች።

ሲት ሙና አፏን ከፈተች። ሪም ቀደመቻት። ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

«ኻልቶ ናት» አለች። «ኻልቶ ዝም አትልም።»

ሴትዮዋ ከነሻዩ ትሪ አቀፈችኝ። ግንባሬን ሳመችኝ። ሲት ሙና፣ በስሜ ጠርታ፣ «ትሪውን አስቀምጪና ከእኛ ጋር ተቀመጪ» አለችኝ። ዶክተሩ እንኳ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ፈገግ አለ።

መናገር ነበረብኝ። «የለም፣ ትናንት ቆይ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ሁለት ዝላይ አሳልፌያለሁ» ማለት ነበረብኝ። ሪም ጎኔ ተቀምጣ እጇን እጄ ውስጥ አስገብታለች። ሻዬን አነሣሁና ዝም ብዬ ጠጣሁ።